ማክጊል ወንድማማቾች ልደታ ቢመጡ

ልደታ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቀድመው የሚታሰቡት ቤተ ክርስቲያኑና ፍርድ ቤቱ ናቸው። ወደ አንዱ ስለት፣ ወደ ሌላው ፋይል ተይዞ ይኬዳል። በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ኮሪደር ላይ ተራቸውን ከሚጠብቁት ባለጉዳዮች መካከል የአንድ እናት ጡት የጠቡ ከሳሽና ተከሳሽ አይታጡም።

ሕጉ ለእነዚህ ሰዎች ያለው መልስ አጭር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 842 ቀዳሚ ወራሾች ልጆች ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል ነው ይላል። ታላቅና ታናሽ፣ ወንድና ሴት ብሎ አይለይም። ውርስ አጣሪ ከተሾመ ቤቱን፣ መኪናውን፣ የባንክ ሒሳቡንና ዕዳውን ቆጥሮ ሪፖርት ያቀርባል። ተካራካሪዎቹ ግን አፋቸውን ሲከፍቱ የሚያወሩት ስለ ካሬ ሜትር ብቻ አይደለም። «ያስታመምኳት እኔ፤ እሱ የመጣው ለቀብር ነው» ይባላል። እናት አብልጣ የምትወደው ማንን ነበር የሚለው ጥያቄ በአጣሪ ሪፖርት ውስጥ ቦታ የለውም። ነገሩን ከቀጠሮ ቀጠሮ፣ ከይግባኝ ሰበር የሚያንከራትተው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ይህን የማይቆጠር ውርስ «ቤተር ኮል ሶል» የተባለውን የአሜሪካ የጠበቆች ድራማ ያህል አብጠርጥሮ ያሳየ የቴሌቪዥን ሥራ አላየሁም። ቪንስ ጊሊጋንና ፒተር ጉልድ የፈጠሩት ይህ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2022 በስድስት ምዕራፍ፣ በ63 ክፍል ቀርቧል። «ብሬኪንግ ባድ» የተባለውን ድራማ ያየ ሰው ሶል ጉድማንን፣ ያንን የዕፅ ነጋዴዎች አማካሪ የሆነ አፈ ጮሌ ጠበቃ ያስታውሰዋል። ይህኛው ድራማ ሰውዬው ሶል ከመባሉ በፊት ማን እንደነበር ይተርካል። (መጨረሻውን ሳያውቁ ማየት የሚፈልጉ አንባቢዎች እዚህ ላይ ቢያቆሙ ይሻላል፤ እኔ የምደብቀው ነገር የለም።)

የእናት አባቱ ስም ጂሚ ማክጊል ነው። ታላቅ ወንድሙ ቻክ በኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ የታወቀ የሕግ ባለሙያ፣ የትልቅ የጥብቅና ድርጅት መሥራች ነው። ጂሚ በወጣትነቱ በማጭበርበር የሚታወቅ ነበርና ቻክ ከእስር አስፈትቶ ወደራሱ ከተማ ያመጣዋል፣ በድርጅቱ የፖስታ ክፍልም ያስቀጥረዋል። ታናሽየው እዚያ ደብዳቤ እያመላለሰ በተልእኮ ትምህርት ሕግ ይማራል፣ የጥብቅና ፈተናውንም ያልፋል። ወንድሙን ለማስደሰት የሮጠው ጂሚ በድርጅቱ ጠበቃ ሆኖ እንዳይቀጠር ግን ከበስተጀርባ የከለከለው ቻክ ራሱ ነው። ለዚያውም ስሙ እንዳይነሳ ሸሪኩን ሃዋርድ ሃምሊንን ከፊት አቁሞ።

ቻክን ብዙ ተመልካች ይጠላዋል። እኔ ግን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ያለው፣ ለጠፋው ልጅ ፍሪዳ ሲታረድ ከደጅ ቆሞ አልገባም ያለው ታላቅ ወንድም ይመስለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ሕግ አክብሯል፣ የፍቅሩ ድርሻ ግን የሄደው ሲያጭበረብር ለኖረው ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ አንድ ትዕይንት አለ። እናታቸው ሆስፒታል ውስጥ እያጣጣረች ነው። ጂሚ ምግብ ሊገዛ በወጣበት ቅጽበት ትነቃለች፤ አጠገቧ የተቀመጠውን ቻክን ሳይሆን ጂሚን፣ ሁለት ጊዜ በስሙ ጠርታ ትሞታለች። ጂሚ ተመልሶ የተናገረችው ነገር ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቅ ቻክ ምንም አላለችም ይለዋል። የሟች ቃል መደበቅ ነው ይህ። የመጨረሻዋ ቃል የጂሚ ድርሻ ነበር፤ የትኛውም ችሎት ግን ሊያስመልስለት አይችልም።

የጂሚ ውድቀት እንግዲህ ከዚህ ቁስል ጎን ለጎን ይሄዳል። ድራማው ጎበዝ የሚሆነው ውድቀቱን በአንድ ጊዜ ገደል ሳይጥል በወረቀት በወረቀት ስለሚያወርደው ነው። ቻክ የጂሚን ወዳጅ የኪም ዌክስለርን ደንበኛ፣ አንድ ባንክ፣ ይነጥቃል። ጂሚ የታመመውን ወንድሙን ሊያስታምም ባደረበት ሌሊት ሰነዶቹን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባል። በመቁረጫና በማጣበቂያ የባንኩን የቅርንጫፍ አድራሻ 1261 የነበረውን 1216 ያደርገዋል። ሁለት አኀዝ ቦታ ተለዋወጡ፣ ሌላ ምንም የለም። ቻክ በባንኩ ጉዳይ ሰሚዎች ፊት ቁጥሩን አሳስቶ ይዋረዳል፣ ደንበኛውም ወደ ኪም ይመለሳል። በኛ አገር የፍርድ ቤት ሰፈር፣ ማመልከቻ ተጽፎ ኮፒ በሚደረግባቸው ጠባብ ክፍሎች የቆመ ሰው የዚህን ትዕይንት አስፈሪነት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በወንጀል ሕጋችንም ቢሆን ሐሰተኛ ሰነድ መፍጠርና መገልገል ነው።

የሚገርመው ጂሚ ይህን ያደረገው ለገንዘብ አለመሆኑ ነው። ለኪም ፍትሕ ያስገኘ መስሎታል። በእኛ ድራማዎች ክፉው ሰው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በሙዚቃው ይታወቃል። እዚህ ግን ተመልካቹ ራሱ «ደግ አደረገ!» እያለ አብሮ ይወርዳል።

ቁጥሩን የለወጥኩት እኔ ነኝ የሚለውን የወንድሙን ኑዛዜ ቻክ በተንኮል በድምፅ ይቀርጻል። ጉዳዩ የጠበቆችን ሥነ ምግባር ወደሚያይ ጉባኤ ይሄዳል። (እኛም ዘንድ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚተዳደር የራሱ የዲሲፕሊን ሥርዓት አለ።) ቻክ ኤሌክትሪክ ያመኛል የሚል ሰው ነው፤ ቤቱ ውስጥ መብራት እንኳ የለም። ጂሚ ምስክሩን መስቀለኛ ጥያቄ እየጠየቀ ኪስህን ፈትሽ ይለዋል። ኪሱ ውስጥ የስልክ ባትሪ ለ1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ተቀምጦ ኖሯል፣ ቻክ ግን ምንም አልተሰማውም። ያኔ ታላቅየው ከልጅነት ጀምሮ የቋጠረውን ሁሉ በችሎቱ ፊት ይዘረግፈዋል። የተናገረው አብዛኛው እውነት ነው። የሰማው ሁሉ ግን ያየው ታማሚ ሽማግሌ ነው። ጂሚ በአንድ ዓመት እገዳ ብቻ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱን ለሁለት ማካፈል ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለው የጂሚ ነው። የቻክን ሕመም ሆን ብሎ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ያሳብቃል፤ የድርጅቱ የዋስትና ክፍያ ይንራል፤ ሃዋርድ ቻክን ከመሠረተው ድርጅት ያስወጣዋል። ቻክ ብቻውን በቀረበት ቤት በፋኖስ እሳት ይሞታል። ጂሚ ፈቃዱን ለማስመለስ በቀረበበት ጉባኤ ስለ ሟች ወንድሙ እየተናነቀው ይናገራል፤ ዳኞቹ ልባቸው ይነካል፣ ኪምም እንባ ይሞላታል። ከአዳራሹ እንደወጣ ፈነጠዘ፤ ሁሉም ትወና ነበር። ሶል ጉድማን በሚል ስም ለመሥራት የሚሞላውን ቅጽ የጠየቀው እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። ቻክ ስለ ወንድሙ የፈራው በሙሉ ደረሰ፤ እንዲደርስ ያገዘው ግን ቻክ ነው።

በመጨረሻው ክፍል ሶል በበርካታ ወንጀሎች ተከሶ ይቀርባል። በምላሱ ተደራድሮ ቅጣቱን ከስምንት ዓመት በታች አድርሶት ነበር። ችሎት ላይ ቆሞ ግን ስምምነቱን ራሱ አፍርሶ ያደረገውን ሁሉ አመነ፣ ስሜም ማክጊል ነው አለ፤ 86 ዓመት ተፈረደበት። በዚያ ኑዛዜ መካከል የኢንሹራንሱን ጉዳይም አንስቷል። በኋላ አብሮት የቆመው ጠበቃ የወንድምህ ነገር እኮ ወንጀል እንኳ አልነበረም ሲለው፣ ጂሚ ነበር ብሎ መለሰለት።