ፍላቮኖይዶች ከዲኤንኤና ከፕሮቲን ጋር የሚያደርጉት «መስተጋብር»፦ ስለ ግሦች አመራረጥ

በሳይንስ ጽሑፎች ትርጉም ሥራ ላይ ተርጓሚውን የሚያስቸግረው ዘወትር ስም ይመስለናል። ስም ግን ቢያንስ በውሰት ሊታለፍ ይችላል፤ «ፍላቮኖይድ» ብሎ መጻፍ አንባቢን አያሳስትም። የሚያሳስተው ግሥ ነው። ለዚህም ማስረጃ የሚሆነን የእንግሊዝኛው «ኢንተራክት» የሚለው ቃል፣ በዕፀዋት ውስጥ የሚገኙት ፍላቮኖይዶች በሕዋስ ሞለኪዩሎች ላይ ስለሚያሳድሩት ውጤት በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ የሚሰጠው አገልግሎት ነው።

ፍላቮኖይዶች 15 የካርቦን አቶሞች ባሉት አጽም ላይ የተገነቡ ውሑዶች ናቸው። ስማቸው የመጣው «ቢጫ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ከእነርሱም መካከል በቀይ ሽንኩርት፣ በፖምና በሻይ ቅጠል የሚገኘው ኩዌርሴቲን በሰፊው የተጠና ስለ ሆነ፣ ምሳሌአችንን በአብዛኛው ከእርሱ እንወስዳለን።

አንድ ተርጓሚ «ኩዌርሴቲን ከዲኤንኤ ጋር ይዋሐዳል» ብሎ ቢጽፍ ምን ተናገረ? በትምህርት መጻሕፍታችን «ውሑድ» እና «ድብልቅ» ተለይተው ስለ ተደነገጉ፣ «ተዋሐደ» ማለት ሁለቱ በጽኑ ኬሚካዊ ትስስር ተያይዘው ሌላ ነገር ሆኑ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ቃሉ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመለያየትን ሐሳብ ጨርሶ የማይቀበል ትርጉም አለው። ኩዌርሴቲን ግን ብዙውን ጊዜ ዲኤንኤን የሚይዘው በደካማ ኀይሎች ነው፤ ይጠጋል፣ ይያዛል፣ ተመልሶም ይለቃል። ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ ድርጊት «ተያያዘ» የሚለው ይበቃል፤ «ተዋሐደ» ለጽኑ ትስስር ብቻ ይቀመጥ።

ከአያያዝ ዓይነቶች ሁሉ ስም አውጪን የሚፈትነው «ኢንተርካሌሽን» የተባለው ነው። ዲኤንኤን እንደ ተጠማዘዘ መሰላል ብናየው፣ በእርከኖቹ መካከል ያለው ርቀት 0.34 ናኖሜትር ያህል ነው። ሌርማን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 አክሪዲን ስለሚባሉት ማቅለሚያዎች እንዳስረዳው፣ ጠፍጣፋ ሞለኪዩል በሁለት እርከኖች መካከል ሊገባ ይችላል፤ በዚያም ስፍራ መሰላሉ ይረዝማል፣ ጥምዘቱም ይላላል። ኩዌርሴቲን በመካከለኛው ቀለበቱ ባለው ድርብ ትስስር ምክንያት ጠፍጣፋ ሆኖ ሊቀመጥ ስለሚችል ለዚህ ይመቻል። በሻይ ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ካቴኪን ግን ያ ድርብ ትስስር ስለሌለው ቅርጹ ጠፍጣፋ አይደለም፤ በእርከኖች መካከል ለመግባትም እንደ ኩዌርሴቲን አይመችም።

ታዲያ ይህን ምን እንበለው? «ጣልቃ መግባት» የሚለው በመሠረቱ በመካከል መግባትን ቢያመለክትም፣ ዛሬ የሚሰማው ያልተጠሩበት ጉዳይ ውስጥ እንደ መግባት ነው። «ሰርጎ መግባት» ደግሞ «ሰርጎ ገብ»ን ያስታውሳል፤ ሞለኪዩሉን ጠላት ያደርገዋል። «መሰግሰግ» ብዛትንና መጨናነቅን ያመጣል። በእኛ አስተያየት የሚሻለው «መሸጎጥ» ነው። ወረቀት በመጽሐፍ ገጾች መካከል ይሸጎጣል፤ ገጾቹ ይራራቃሉ እንጂ አይቀደዱም፤ ወረቀቱም ተመልሶ ይወጣል። ሥዕሉ ከድርጊቱ ጋር ይገጥማል። ስሙን ለማውጣት «ሽጉጥ» ማለት ግን አይቻልም፤ ጦር መሣሪያው ቀድሞ ወስዶታልና! «ሽጎጣ» ቢባል ግን ችግር የለውም።

ሁለተኛው የአያያዝ ዓይነት በጥምዙ ጎን ዙሪያውን በሚሄዱት ሁለት ቦዮች ላይ መለጠፍ ነው። እንግሊዝኛው ቦዮቹን «ታላቅ» እና «ታናሽ» ቢላቸውም ልዩነታቸው በይበልጥ የሚታየው በስፋት ስለ ሆነ «ሰፊ ቦይ» እና «ጠባብ ቦይ» ማለት ይቀላል። ስለ ኩዌርሴቲን በሚወጡት ጥናቶች ሽጎጣም ቦይ ላይ መለጠፍም ተዘግቧል። እንግዲህ ደራሲው በደፈናው «ይያያዛል» ካለ ተርጓሚው «ይሸጎጣል» ብሎ በራሱ ሥልጣን ሊፈርድ አይገባም።

በፕሮቲኖችም በኩል እንዲሁ ግሡ ይለያያል። በደም ውስጥ የሚገኘው አልቡሚን ኩዌርሴቲንን ይሸከማል። ይህም የሚታወቅበት አንዱ መንገድ በፕሮቲኑ 214ኛ ስፍራ ያለው ትሪፕቶፋን የሚሰጠው ብርሃን ሲደበዝዝ ነው፤ ስለዚህ «ኩዌንቺንግ» የሚለውን «ማደብዘዝ» እንጂ «ማርካት» ማለት አይገባም፤ መዝገበ ቃላትን ብቻ የተከተለ ግን እዚያ ሊወድቅ ይችላል። ከዚህ የከፋው በቶፖአይሶሜሬዝ ሁለት ላይ ነው። ይህ ኤንዛይም ሁለቱንም የዲኤንኤ ክሮች ይቆርጣል፣ ሌላ የዲኤንኤ ክፍል በመካከል ያሳልፋል፣ መልሶም ይቀጥላል። በአኩሪ አተር የሚገኘው ጄኒስቴይንና ኩዌርሴቲን ኤንዛይሙን በቆረጠበት ደረጃ ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን ነገር «የኤንዛይሙ መርዝ» ይለዋል። ቃል በቃል ከተረጎምነው አኩሪ አተር የሚበላ ሰው ይደነግጣል። «መልሶ መቀጠልን የሚከለክል» ማለት ረዘም ይላል፤ ሐሰት ከሚሆን ግን ይርዘም።

«ፀረ ኦክሲዴሽን» የሚለውም ማዕረግ ጥንቃቄ ይሻል። ኩዌርሴቲን በብዙ ሁኔታ ይህ ስም ይገባዋል፤ መዳብና ኦክሲጅን ባሉበት ግን ያው ሞለኪዩል የዲኤንኤ ክሮች እንዲበጠሱ ያደርጋል። ስያሜው የሁኔታ እንጂ የባሕርይ አለመሆኑን ትርጉሙ መጠበቅ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1977 ኩዌርሴቲን በባክቴሪያ ላይ በተደረገ ሙከራ የዘረ መል ለውጥ እንደሚያስከትል ተገለጠ። ይህን «ሽንኩርት ዘርን ይለውጣል» ብሎ የሚያሳጥር ሰው፣ ባክቴሪያውንም መጠኑንም አጥፍቷል፤ «ዘር» የሚለውንም ቃል ወደ ትውልድ አዙሮታል። ሰው ከበላው በኋላ ኩዌርሴቲን በደም ውስጥ በአብዛኛው የሚገኘው ከግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ከሰልፌት ጋር ተያይዞ፣ በጥቂት መጠን ነው፤ በሙከራ ዕቃ ውስጥ የገባው ግን ንጹሑ ነው። «ኢን ቪትሮ» የሚለው ሐረግ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ በትርጉም ጊዜ ሊጣል ይችላል፤ «በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ» ተብሎ መቅረት የለበትም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1999 ኩዌርሴቲንን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣት አለማምጣቱ «ሊመደብ የማይቻል» ብሎ በሦስተኛው ምድብ አስቀምጦታል። ይህ «ካንሰር አያመጣም» ማለት አይደለም፤ «ያመጣል» ማለትም አይደለም።