የሄሊኮፕተር አብራሪ ጆሮና የምናለሽ ተራ ጆሮ

ለብዙ ዓመት ሄሊኮፕተር ያበረሩ ሰዎች በብዛት የሚያማርሩት ሁለት ነገር ነው፦ ወገብና ጆሮ። ወገቡ ከንዝረቱና ከአቀማመጡ ይመጣል፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። ዛሬ ጆሮን ያነሳሁት ያ ድምፅ እኛው መርካቶ ውስጥም ስላለ ነው።

ምናለሽ ተራ የገባ ሰው ያውቀዋል። በርሜሉና ቆርቆሮው ከጠዋት እስከ ማታ ይቀጠቀጣል። አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለማውራት መጮህ ካስፈለጋችሁ፣ ድምፁ ከ85 ዴሲቤል በላይ ነው ማለት ይቻላል።

85 ዴሲቤል በቀን እስከ 8 ሰዓት ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ! ሄሊኮፕተር ውስጥ ድምፁ 100 አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ ብረት ቅጥቀጣም እንደዚያው፣ አንዳንዴም ይብሳል። ልዩነቱ አብራሪው ሄልሜት አለው፣ ጆሮውም በየጊዜው ይመረመራል። የእኛ ሰው ግን ቢበዛ ጥጥ ይወትፋል። ጥጥ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም።

«ለምጄዋለሁ ዶክተር፣ አሁን አይረብሸኝም» የሚለኝ ሰው ነው በጣም የሚያሳስበኝ። የውስጠኛው ጆሮ ድምፅ ተቀባይ ህዋሳት ሲሞቱ አያምም፤ ከሞቱ ደግሞ አይተኩም። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፦ የህፃን ድምፅ፣ «ስ» እና «ፍ»። ሰውየው «እሰማለሁ፣ ግን ቃሉ አይለይልኝም» ይላል። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከፍ እያለ ይሄዳል። ማታ ጆሮ ጭው ካለ የዚያን ቀን ድምፅ በዝቶበታል ማለት ነው።

ተጨማሪ ነገር፦ ጄንታማይሲን የሚባለው መርፌ ራሱ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መርፌ ሲታዘዝላችሁ ስራችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።

የስፖንጅ ጆሮ መሰኪያ ውድ አይደለም፣ አጠቃቀሙ ግን ወሳኝ ነው። በንፁህ እጅ በደንብ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገቡና እስኪያብጥ በጣት ያዙት። ግማሹ ውጭ ከቀረ ብዙም አልሰራም። በዓመት አንዴም የመስማት ምርመራ ይደረግ። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ጆሮ ሐኪም ይኬዳል።