ጉበት ይታጠባልን? ላይም በሽታ፣ መድኃኒትና የግማሽ ዕድሜ ሕግ

ላይም የተሰኘው በሽታ ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ኮኔክቲከት ግዛት ከምትገኝ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚያ አካባቢ በርካታ ሕፃናት በመገጣጠሚያ ብግነት ሲታመሙ ጉዳዩ የተመራማሪዎችን ትኩረት ሳበ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዊሊ ቡርግዶርፈር መንስኤውን፣ ማለትም ጠመዝማዛ ቅርጽ ያለውን ባክቴሪያ፣ ከመዥገር አንጀት ውስጥ አገኙ፤ ባክቴሪያውም በስማቸው ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ። በሽታው በአገራችን የተለመደ አይደለም። ይሁን እንጂ ለአማርኛ አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በሽታው በብዛት ከሚታይባቸው ግዛቶች ይቆጠራሉ። ከዚህም ሌላ በአገራችን የሚታወቀውን፣ በቅማል የሚተላለፈውን የግርሻ ትኩሳት የሚያመጣው ባክቴሪያ የዚሁ የቦሬሊያ ወገን ነው።

በጊዜ የታወቀ ላይም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በሚወሰድ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። ሆኖም ከ100 ታካሚዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ሕክምናውን ከጨረሱ ከ6 ወር በኋላም ድካም፣ የሰውነት ሕመምና የማስታወስ ችግር አይለቃቸውም። በተለምዶ ይህ ሁኔታ ሥር የሰደደ ላይም ይባላል። ስያሜው በምርመራ ያልተረጋገጠላቸውን ሰዎች ጭምር ስለሚያጠቃልል በሐኪሞች ዘንድ ሲያወዛግብ ኖሯል። የሕመምተኞቹ ሥቃይ ግን አያወዛግብም፤ እውነተኛ ነው። መፍትሔ ያጣ ሕመምተኛ ተስፋ ለሰጠው ሁሉ ጆሮውን ያውሳል፤ በተደጋጋሚ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱም «ጉበትህን እጠብ» የሚል ነው።

የምክሩ አመክንዮ እንደሚከተለው ነው። መድኃኒቱ የገደላቸው ባክቴሪያዎች መርዝ ይለቃሉ፤ መርዙ በጉበት ይጠራቀማል፤ ሕመሙ ለሳምንታት የሚባባሰውም በዚሁ ሳቢያ ነው፤ ስለዚህ ጉበት በቅጠላ ቅጠል፣ በዘይትና በሎሚ፣ አንጀትም በቡና ውሃ ይታጠብ። ሐሳቡ ከእውነት ፍንጣሪ ይነሣል። በግርሻ ትኩሳት የተያዘ ሰው የመጀመሪያውን መድኃኒት በወሰደ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ይይዘዋል። ክስተቱ ያሪሽ-ሄርክስሃይመር ይባላል። ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ቲኤንኤፍ የተሰኘውን የሰውነት ፕሮቲን የሚያግድ ፀረ-አካል አስቀድሞ ሲሰጥ ክስተቱ በጉልህ ቀነሰ። ይህም የሚያሳየው ምላሹን የሚያቀጣጥለው የራሱ የሰውነት መከላከያ መሆኑን ነው። ምላሹ በአብዛኛው በአንድ ቀን ያልፋል። በላይም ሕክምና መጀመሪያ ላይም በአንዳንድ ሰዎች ይታያል። ለሳምንታት የዘለቀን ሕመም በዚህ ስም መጥራትና ከጉበት ውስጥ የተጠራቀመ መርዝ መፈለግ ግን ማስረጃ የለውም።

የፊዚክስ መምህር ወደዚህ ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ቀላል ነው፦ የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር መመናመንና የብዙ መድኃኒቶች ከሰውነት መወገድ አንድ ዓይነት ቀመር አላቸው። በየትኛውም ቅጽበት የሚወገደው መጠን በዚያ ቅጽበት ካለው መጠን ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝ ነው። ዶክሲሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ግማሽ ዕድሜ 18 ሰዓት ያህል፣ የሴፍትሪያክሶን ደግሞ 8 ሰዓት ያህል ነው። ከ5 ግማሽ ዕድሜ በኋላ የሚቀረው አንድ ሠላሳ ሁለተኛ፣ ማለትም 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሴፍትሪያክሶን በ40 ሰዓት፣ ዶክሲሳይክሊን በ4 ቀን ገደማ ውስጥ ከሞላ ጎደል ይወጣሉ። የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን በየደቂቃው 1.5 ሊትር ያህል ደም ያልፍበታል። ጉበት ቆሻሻ እንደሚያዝል የዘይት ማጣሪያ አይደለም፤ የሚያገኘውን ለውጦ ወደ ሐሞትና ወደ ደም ይመልሳል።

ይህ ሕግ ግን ወሰን አለው። የጉበት ኢንዛይሞች በሙሉ ሥራ ከተያዙ ፍጥነቱ ከዚያ በላይ አይጨምርም። አልኮል የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ለሕመም ማስታገሻ የሚወሰደው ፓራሲታሞልም ከመጠን ሲያልፍ ጉበት ጎጂውን ውጤት የሚያመክንበት ንጥረ ነገር ያልቅበታል። ሁልጊዜ የሚያመው ሰው ደግሞ ደጋግሞ ለመዋጥ ቅርብ ነው። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም 500 ሚሊ ግራም ከሆነው ፍሬ ከ8 ማለፍ የለበትም፤ አልኮል ለሚያዘወትር ወሰኑ ያንሳል። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ሊኖር ስለሚችል የመያዣውን ጽሑፍ ማንበብ ያሻል።

ትልቁ አደጋ የመጣው ከሐሞት በኩል ነው። ከሴፍትሪያክሶን ከፊሉ በሽንት፣ ከፊሉ በሐሞት ይወጣል። በሐሞት ከረጢት ውስጥ ክምችቱ ከደም ውስጥ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ይዘቅጣል። በሻይ ላይ ስኳር ሲበዛ የማይሟሟው እንደሚቀር ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1992 በኒው ጀርሲ ግዛት ለላይም ተብሎ ሴፍትሪያክሶን ሲሰጣቸው የቆዩ 25 ሰዎች በሐሞት ችግር ሆስፒታል ገቡ፤ የ14ቱ የሐሞት ከረጢት በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ አብዛኞቹ በሰውነት የተሠራጨ ላይም እንደነበረባቸው የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም።

እዚህ ላይ «ማጠብ» የሚባለው ነገር ተቃራኒ ውጤት እንዳለው ልብ ይሏል። የሐሞት ከረጢት የሚኮማተረው ስንበላ፣ በተለይም ቅባት ሲደርሰው ነው። ለቀናት ጭማቂ ብቻ ጠጥቶ ከምግብ የሚታቀብ ሰው ሐሞቱ ስለማይንቀሳቀስ ዝቃጭ ይጠራቀምበታል። ዘይትና ሎሚ ጠጥቶ «ጠጠር ወጣልኝ» የሚለውም ቢሆን ተታሏል። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት በወጣ ዘገባ እንዲህ ያለው አረንጓዴ ጠጠር ሲመረመር ኮሌስትሮልም ካልሲየምም አልተገኘበትም፤ ከዘይቱ ራሱ በሆድ ውስጥ የተሠራ ሳሙና ነበር።

መድኃኒቱን ማራዘምስ ይጠቅማልን? እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 129 ሕመምተኞችን አካቷል። ገሚሶቹ ለ30 ቀን ሴፍትሪያክሶን፣ ለ60 ቀን ዶክሲሳይክሊን፣ ሌሎቹ ደግሞ መድኃኒት አልባ ማስመሰያ ወሰዱ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኔዘርላንድስ የተካሄደው ጥናትም ከመነሻ ሕክምና በኋላ ተጨማሪ 12 ሳምንት መስጠት የተለየ ጥቅም እንደሌለው አሳየ።

አንጀትን በተመለከተ ነገሩ የተለየ ነው፤ እዚህ በእርግጥ የሚጎዳ ነገር አለ። ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ስለሚገድል፣ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ቦታውን ይዞ ብርቱ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ለተረፉት ባክቴሪያዎች የሚስማማው ምግብ አሰር ያለው ነው፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጤፍ። እንጀራ የቦካ ስለሆነ ሕያው ባክቴሪያ ይሰጣል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሊጡ የምጣዱን ሙቀት አይችለውም፤ ጥቅሙ ከአሰሩ ነው። ሕያው ባክቴሪያ ያለው እርጎ ውስጥ ነው። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ግን እርጎና ወተት፣ እንዲሁም የብረትና የካልሲየም ክኒን ከመድኃኒቱ በጥቂት ሰዓታት ማራቅ ይኖርበታል፤ ካልሲየምና ብረት መድኃኒቱን ይዘው በደም እንዳይመጠጥ ያግዱታልና። ፍሬውንም በሙሉ ብርጭቆ ውሃ መዋጥና ወዲያው አለመተኛት ተገቢ ነው፤ ጉሮሮ ውስጥ ከቀረ ያቆስላል።

ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ጉዳት የለውም የሚለው እምነትም መፈተሽ አለበት። የታመቀ የአረንጓዴ ሻይ ክኒንና ካቫ ጉበት መጉዳታቸው ተመዝግቧል። የሚወሰደው ሁሉ፣ ከገበያ የተገዛው ዱቄት ሳይቀር፣ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች ሕመም ከጸና ወይም በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ካለ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል፤ የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒንም ሐኪም ሳያይ መውሰድ አይገባም።