አቧራው ተለካ፤ ከዚያስ?

ሰበታ ውስጥ አንዲት የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ ምን ያህል አቧራ እንደምትተነፍስ ማወቅ ፈለግን እንበል። ሥራ ስትጀምር የኪስ ሬዲዮ የምታክል ፓምፕ ወገቧ ላይ እናስታጥቃታለን። ከፓምፑ የሚነሳው ቀጭን ቱቦ በጀርባዋ ዞሮ አንገትጌዋ ላይ ይያያዛል፤ ጫፉ ላይ አስቀድሞ የተመዘነ ክብ ማጣሪያ አለ። ማጣሪያው ከአፍንጫዋ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም፤ መለካት ያለበት የአዳራሹ አየር ሳይሆን እሷ የምትስበው አየር ነውና። ፓምፑ በደቂቃ 2 ሊትር ቢስብ በ480 ደቂቃ 960 ሊትር ይስባል፤ ይኸውም 0.96 ሜትር ኩብ ነው። ማታ ማጣሪያው ሲመዘን 4.8 ሚሊ ግራም ጨምሮ ከተገኘ፣ የዋለችበት አየር በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 5 ሚሊ ግራም አቧራ ነበረው ማለት ነው።

የሥራ ቦታ ተጋላጭነት ጥናት መሠረቱ ይኸው ነው። በአገራችንም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ጥሬ ጥጥ ተቀብሎ ጨርቅ አድርጎ በሚያወጣ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። ጥጡ በሚፍታታበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶው፣ በማበጠሪያው ክፍል ደግሞ 37.5 በመቶው ቢሲኖሲስ የተባለው የጥጥ አቧራ በሽታ ነበረባቸው። የበሽታው ምልክት ልብ ሊባል ይገባል፦ ሠራተኛው ከእረፍት ቀን በኋላ ሥራ በገባበት ዕለት ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል፤ ሳምንቱ ሲገፋ ሻል ይለዋል። ስለዚህ ብዙዎች ጉንፋን ነው ብለው ያልፉታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጥናት ደግሞ በክሬሸር ክፍል 38.6፣ በማሸጊያው 18.5፣ በጥበቃዎች ዘንድ ግን 0.4 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ ለካ። አንድ ግቢ፣ አንድ አሠሪ፣ ልዩነቱ ግን ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል።

ጥናቶቹ ጥሩ ናቸው። ይሁን እንጂ የመንግሥት ገንዘብ የሚወጣበት የምርምር ፕሮግራም ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል? በታተሙት ጽሑፎች ብዛት ነው የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም የምርምር ፕሮግራሞቹን የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚዎች እንዲመዝኑለት ጠይቆ ነበር። ስምንት ፕሮግራሞች ተመዘኑ፤ እያንዳንዳቸውም ከ1 እስከ 5 ሁለት ነጥብ ተሰጣቸው። አንዱ ለተገቢነት፣ ሌላው ላስገኙት ለውጥ ነው። ማለትም፣ ትክክለኛውን ችግር ነው ወይ የያዛችሁት? በሥራችሁስ ምክንያት የሠራተኛው ሁኔታ ተሻሻለ ወይ?

ሁለቱን ጥያቄዎች ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እናምጣቸው። ተገቢነቱ እዚህ ቀላል አይደለም። በሰበታ ዙሪያ ያሉ የአበባ እርሻዎች ሠራተኛ ትልቁ ስጋቱ ፀረ ተባይ ነው፤ ይህ ደግሞ በብዛት በቆዳ በኩል ስለሚገባ የአንገትጌው ማጣሪያ ብቻውን አያየውም። የእጅ እጥበት ናሙና ወይም የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ሱሉልታ ውስጥ ቆዳ ፋብሪካ አለ። በቆዳ ሥራ ጸጉር ለማስለቀቅ የሚገባው የሰልፋይድ ውህድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይወጣል፤ ጋዙ ሲበዛ ማሽተቻን ስለሚያደነዝዝ ሠራተኛው ሽታው ጠፋ ብሎ ሲረጋጋ አደጋ ውስጥ ነው። ቡራዩን ስናስብ ደግሞ እንጨት ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱና ብሎኬት ማምረቻው ሊታወሱን ይገባል። አምስትና ስድስት ሰው የሚሠራባቸው እነዚህ ቤቶች ለተመራማሪ አይመቹም፤ የስም ዝርዝር የላቸውም፣ ቦታ ይቀይራሉ። ትልልቅ ፋብሪካዎችን ብቻ የሚያጠና ፕሮግራም በተገቢነት ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ አይገባም።

ለውጡን መመዘን የባሰ ያስቸግራል፤ አታላይ ነውና። አንድ ፋብሪካ ዘንድሮ ተጠንቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠና የሚያስሉት ቀንሰው ቢገኙ አየሩ ተሻሽሏል ማለት ይቻላል? አይቻልም። የታመሙት ለቀው ሄደው ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሥራ አመልካቾችን በዕጣ ለይተው ተከታትለው ነበር፤ የኢንዱስትሪ ሥራ ካገኙት 77 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ለቀዋል። ሰው እንዲህ ከሚፈራረቅበት ቦታ የቀሩትን ብቻ ቆጥሮ ጤና ነው ማለት ጉዳቱን መደበቅ ነው። ስለዚህ አየሩ ራሱ እንደገና መለካት አለበት፤ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ዘዴ። የለቀቁትም በስልክ ተፈልገው ለምን እንደለቀቁ ሊጠየቁ ይገባል።

ሕጉ ለዚህ በር አይዘጋም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራው ሂደት ለአካላዊ፣ ኬሚካላዊና ሥነ ሕይወታዊ ጉዳት ምንጭ እንዳይሆን አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። ኢትዮጵያም የሥራ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ግን ቁጥር ያስፈልገዋል፤ በዓይኑ አይቶ «አቧራ አለ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ የተለካ ውጤት ይዞ ሲቀርብ አሠሪውን አቧራ መሳቢያ አስገባ ለማለት አቅም ያገኛል።

ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ በጋራ ሊታዩ ይችላሉ። እዚያ ለሚጀመር ማናቸውም የተጋላጭነት ምርምር ገንዘብ የሚመድብ ሰው ከመፈረሙ በፊት የበጀት ሰነዱን ገልጦ ሁለት መስመሮችን ይፈልግ፦ የሁለተኛው ልኬት ወጪ፣ እንዲሁም ውጤቱን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ወጪ። ካላገኛቸው ሰነዱን ይመልስ።