ጓጉንቸሩ ተቆልፏል፤ ቤቱ ግን የማን ነው?

ቂርያት ሃዮቨል ውስጥ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ሸኝታችሁ ስትመለሱ ስልካችሁ ላይ መልእክት ደረሳችሁ እንበል። በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው። «ከቢቱዋሕ ሌኡሚ፦ የቂጽባት ዬላዲም ክፍያችሁ እንዳይቋረጥ ዝርዝራችሁን ዛሬውኑ አድሱ» ይላል። ስትጫኑት የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ያለበት ገጽ ይከፈታል፤ ከላይም ትንሽ ጓጉንቸር ተሥሏል። ጓጉንቸር ስላለው ብቻ አምናችሁ የባንክ ካርድ ቁጥራችሁን ትሞላላችሁ?

አትሙሉ። ምክንያቱን ለመረዳት ጓጉንቸሩ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ የኢንተርኔት ገጽ ይህን ምልክት የሚያገኘው የምስክር ወረቀት ሲኖረው ነው። ወረቀት ይባል እንጂ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ሰነድ ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ የምትጽፉት ሁሉ እንደ ታሸገ ደብዳቤ እንዲጓዝ ያደርጋል፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሊያነበው አይችልም። ሁለተኛ፣ የተከፈተላችሁ ገጽ በአድራሻው ላይ የተጻፈው ስም እውነተኛ ገጽ መሆኑን ይመሰክራል። ሰነዱን የሚሰጡት ድርጅቶች አመልካቹ በዚያ ስም ላይ ሥልጣን ያለው መሆኑን ይመረምራሉ። ሰውየው ሐቀኛ ይሁን ሌባ ግን አይጠይቁም።

ከ2015 ወዲህ ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለው ድርጅት የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ይህ ለብዙ ገጾች ጠቅሟል፤ አጭበርባሪውም ለራሱ ገጽ ጓጉንቸር ማግኘት አልከበደውም። ክሮም የተባለው የኢንተርኔት መክፈቻ በ2023 የጓጉንቸሩን ሥዕል ከአድራሻው አጠገብ ያነሣው፣ ብዙ ሰዎች ጓጉንቸር ያለበት ገጽ ሁሉ የታመነ ይመስላቸው ስለነበር ነው።

አንድ ገላ፣ ብዙ ምላስ

እንግዲህ መመርመር ያለበት ስሙ ነው። እዚሁ ሰፈራችሁ ያለውን «ሚፍሌጼት» አስቡ። ኒኪ ደ ሴንት ፋል የተባለች አርቲስት የሠራችው፣ ልጆች ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሚንሸራተቱበት ይህ ጭራቅ ሦስት ቀይ ምላሶች አሉት፤ ገላው ግን አንድ ነው። የመሥሪያ ቤት አድራሻም እንዲሁ ነው። የቢቱዋሕ ሌኡሚ ዋና ስም፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈው፣ «ቢቲኤል ነጥብ ጎቭ ነጥብ አይኤል» ነው። ለልዩ ልዩ አገልግሎት ከዚህ ስም በስተግራ ሌላ ቃልና ነጥብ ይጨመራል። የስም ባለቤት ለእያንዳንዱ ምላስ የተለየ የምስክር ወረቀት ማውጣት ይችላል፤ ወይም የኮከብ ምልክት ያለበት አንድ ሰነድ አውጥቶ በአንድ ደረጃ በስተግራ ያሉትን ስሞች ሁሉ በእርሱ ይጠብቃል።

አጭበርባሪው ግን በራሱ ገላ ላይ የሌላውን ምላስ ይቀጥላል። የራሱን ስም በጥቂት ገንዘብ ይገዛና በስተግራው «ቢቲኤል ነጥብ ጎቭ ነጥብ አይኤል» ብሎ ይጨምርበታል። ማንም በገዛ ስሙ በስተግራ የፈለገውን መጻፍ ይችላል፤ የምስክር ወረቀትም ያገኝበታል።

ስለዚህ አድራሻውን እንደ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡ። መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁለት ያዘመሙ ሰረዞች እለፉና ቀጥሎ የሚመጣውን አንድ ያዘመመ ሰረዝ ፈልጉ፤ ሰረዝ ከሌለ ከአድራሻው መጨረሻ ጀምሩ። ከዚያ ወደ ግራ ስትሄዱ መጀመሪያ «አይኤል»፣ ቀጥሎ ነጥብ፣ ቀጥሎ «ጎቭ»፣ ከዚያም ሌላ ነጥብ ልታገኙ ይገባል። ይህ መጨረሻ ለመንግሥት ብቻ የሚሰጥ ነው። በነጥቡ ፈንታ ጭረት ካለ፣ ወይም ከ«አይኤል» በስተቀኝ ሌላ ስም ካለ፣ ገጹ የመንግሥት አይደለም።

«ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ደግሞ የስልካችሁን ቀንና ዓመት ተመልከቱ። የምስክር ወረቀት እንደ ፓስፖርት ጊዜው የሚያልፍ ስለሆነ፣ ቀኑ የተሳሳተ ስልክ ትክክለኛውንም ገጽ ሊጠራጠር ይችላል። ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ገጹን ዝጉ።

ከሁሉ የሚሻለው በመልእክት የመጣውን ሳትጫኑ አድራሻውን ራሳችሁ መጻፍ፣ ወይም ወደ ቢቱዋሕ ሌኡሚ በኮከብ 6050 መደወል ነው። ስለ አጠራጣሪ መልእክት የብሔራዊ ሳይበር መሥሪያ ቤት በ119 ቀንም ሌሊትም ጥሪ ይቀበላል። ቁጥራችሁን ሰጥታችሁ ከሆነ አትፈሩ፣ አትፈሩም፤ ወዲያውኑ ለካርድ ድርጅታችሁ ደውላችሁ አዘጉት።

መልእክቱን የሚያነብላችሁ ልጃችሁ ከሆነም ይህን አስተምሩት። ጓጉንቸሩን አይቶ እንዳይጣደፍ፣ አስቀድሞ ስሙን ከቀኝ በኩል ያንብብላችሁ።