ከካሴት ወደ ስማርት ስልክ

በዘመቻ ሙሴ (እ.ኤ.አ. 1984–85) እና በዘመቻ ሰሎሞን (1991) ወደ እስራኤል ስንገባ፣ ብዙዎቻችን አገር ቤት ከቀሩት ዘመዶቻችን ጋር የምንገናኘው በካሴት ነበር። መጻፍ ያልተማሩ ወላጆቻችን ድምፃቸውን ቀድተው ለመንገደኛ ይሰጣሉ፤ መልሱም ቆይቶ በሌላ ካሴት ይመጣል።

ዛሬ ያንን ካሴት የተካው ስማርት ስልክ ነው። በ2012 አዳዲስ ኩባንያዎች ወደ እስራኤል የሞባይል ገበያ ሲገቡ ወርኃዊው ክፍያ እጅግ ወረደ። በ2013 ደግሞ ዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም አንድ ምልክት ተጭነው ከጎንደር ዘመድ ጋር ይጨዋወታሉ። በሐይፋና በአካባቢዋ ቂርያቶች እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶችም ትእዛዙን በድምፅ ይቀበላሉ፤ ሒሳቡንም ባንክ ሃፖዓሊም በ2017 ባወጣው «ቢት» መቀበል ይችላሉ።

ሆኖም ስልኩ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ንባብም ይጠይቃል። ባንኩና ቁፓት ሖሊሙ ባለጉዳዩን የሚለዩት በአጭር መልእክት በሚልኩት የሚስጥር ቁጥር ሲሆን፣ መልእክቱም በአብዛኛው በዕብራይስጥ ነው። ስለዚህ አያት ስልኩን ለልጅ ልጅ ይሰጣሉ። ለሐኪም ብቻ ሊነገር የሚገባው ሕመም በልጅ አፍ ይነበባል። የቤቱ አዛውንት የገዛ ገንዘባቸውን ለማየት ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ይህ ክብርን የሚነካ ጉዳይ ነው።

በመሆኑም ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ልጆች ለወላጆቻቸው ከመሥራት ይልቅ ያስተምሯቸው። አማርኛ ባለው ስልክ ላይ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መለወጥ፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብለትን ክፍል መክፈት፣ የዘመዶችን ስም በፎቶግራፍ መለየት ይቻላል። ደውሎ የሚስጥር ቁጥር ለሚጠይቅ ሰው፣ «ከባንክ ነኝ» ቢልም እንኳ፣ ቁጥሩን አለመስጠት ይገባል።

ሁለተኛ፣ የአዛውንቶቻችን ድምፅ አይጥፋ። ስለ ሱዳን ጉዞ፣ ስለ መንደራቸውና ስለ ዘራቸው የሚነግሩን ሁሉ በስልኩ ውስጥ ብቻ ከቀረ፣ ስልኩ ሲሰበር አብሮ ይሄዳል። የተናጋሪውን ስም፣ የትውልድ መንደርና ቀኑን ጽፈን በሌላ ቦታም እናስቀምጠው። በሣጥን ያሉት አሮጌ ካሴቶችም ክራቸው ሳይበላሽ ይገልበጡ። በእነርሱ ውስጥ የሚናገሩት ብዙዎቹ ዛሬ ከእኛ ጋር የሉም።