የጆሮ ማዳመጫ ዳክ

የጆሮ ማዳመጫ ዳክ (ዲጂታል ወደ አናሎግ መለወጫ) በኮምፒዩተር ውስጥ በቁጥር መልክ የተቀመጠን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ድምፅ የሚያሰማ ኮምፒዩተር ሁሉ በውስጡ ዳክ አለው። የተሻለ ጥራት የሚፈልጉ አድማጮች ግን በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ዳክ ይጠቀማሉ። የውጭ ዳክ ብዙ ጊዜ ከአምፕሊፋየር ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ይሠራል።

አሠራር

ድምፅ ሲቀረጽ የሞገዱ መጠን በየቅጽበቱ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል። በሲዲ ላይ ለአንድ ቻናል በሰከንድ 44,100 ናሙናዎች ይመዘገባሉ፤ እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት ነው። ለግራና ለቀኝ ቻናል በድምሩ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። በናይኲስትና በሻነን ቲዎረም መሠረት ሞገዱን መልሶ ለማግኘት የናሙናው ፍጥነት ከድምፁ ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ መብለጥ አለበት። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ ስለሆነ የሲዲው ልክ ለማዳመጥ ይበቃል። አንድ ቢት ወደ 6 ዴሲቤል የሚጠጋ ስፋት ስለሚጨምር፣ 16 ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ልዩነት ይይዛል።

ታሪክ

ሲዲ በፊሊፕስና በሶኒ ትብብር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ዋለ። የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተር የተባለውን የድምፅ ካርድ በ1989 አወጣ። በዚያ ዘመን የድምፅ ካርድ ለብቻው ተገዝቶ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገጠም ነበር። ኢንቴል በ1997 እና በ2004 ባወጣቸው ደረጃዎች አማካይነት የድምፅ ክፍሉ በማዘርቦርዱ ላይ መሠራቱ የተለመደ ሆነ። በ2016 የወጣው አይፎን 7 የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስላልነበረው፣ ትንሿ የአፕል መሰኪያ ገመድ በውስጧ ዳክ ይዛ ቀረበች።

የውስጡ ዳክ ችግሮች

የዛሬ ማዘርቦርዶች ዳክ በራሱ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከጎረቤቶቹ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ግራፊክስ ካርዱና የኃይል ክፍሉ የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ አናሎጉ መስመር ሊገባ ይችላል። በዚህ ጊዜ አድማጩ ሹሹታ፣ ወይም ማውስ ሲንቀሳቀስ የሚለዋወጥ ጩኸት ይሰማል። የውጭ ዳክ አናሎጉን ክፍል ከሳጥኑ ስለሚያወጣ ይህን ረብሻ ብዙ ጊዜ ያስቀራል። ይሁንና ኃይሉን ከዚያው ኮምፒዩተር በዩኤስቢ ስለሚያገኝ፣ ረብሻው በገመዱ በኩል ተከትሎት የሚሄድበት ጊዜም አለ።

የአምፕሊፋየር ድርሻ

የጆሮ ማዳመጫዎች ኢምፒዳንስ ከ16 እስከ 600 ኦም ይለያያል። ኃይል የቮልቴጅ ካሬ ለኢምፒዳንስ ሲካፈል ስለሆነ፣ 1 ቮልት ለ32 ኦም ማዳመጫ 31 ሚሊዋት ሲሰጥ፣ እንደ ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ላለ የ300 ኦም ማዳመጫ የሚሰጠው 3.3 ሚሊዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ ያለው ማዳመጫ በላፕቶፕ ላይ ድምፁ ሊያንስ ይችላል።

የመውጫው የራሱ ኢምፒዳንስም ዝቅተኛ መሆን አለበት። በተለምዶ ከማዳመጫው ኢምፒዳንስ አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ለ32 ኦም ማዳመጫ 4 ኦም ማለት ነው። ከዚህ ሲበልጥ፣ ኢምፒዳንሳቸው ከድግግሞሽ ድግግሞሽ በሚለያይ ማዳመጫዎች ላይ የባሱና የቀጭኑ ድምፅ ሚዛን ይዛባል።

ከግዢ በፊት

የውጭ ዳክ ጥቅም የሚወሰነው በነበረው ጉድለት ነው። ሙዚቃ ሳይከፈት ማዳመጫው ላይ ጩኸት የሚሰማ ከሆነ የውጭ ዳክ ይረዳል። ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶም የሚያንስ ከሆነ የሚያስፈልገው አምፕሊፋየር ነው። ሁለቱም ችግሮች ከሌሉ፣ ያው ገንዘብ የተሻለ ማዳመጫ ላይ ቢውል የሚሰማው ለውጥ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። በቅጂው ላይ በመጭመቅ የጠፋን ድምፅ ደግሞ ምንም ዓይነት ዳክ አይመልሰውም።

ሁለት መሣሪያዎች ሲወዳደሩ ድምፃቸው በመሣሪያ ተለክቶ እኩል መደረግ አለበት። ጆሮ በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ የተሻለ አድርጎ ስለሚቀበል፣ ያለዚህ ጥንቃቄ ጥራትና ጉልበት ይምታታሉ።

የጆሮ ጤና

ጠንካራ አምፕሊፋየር ለአነስተኛ ማዳመጫ ከሚበቃው በላይ ኃይል ስላለው፣ ማዳመጫው ጆሮ ላይ ከመደረጉ በፊት ድምፁ ዝቅ ይደረጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ለሕፃናት 75 ዴሲቤል ነው። በከፍተኛ ድምፅ የተጎዱ የውስጥ ጆሮ ፀጉራም ሕዋሳት በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም።